የፈረንጇ ደሞዝ እና የአባቴ ፊርማ

ጉንሳን፣ ደቡብ ኮሪያ
ሴፕቴምበር 28፣ 1997 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አክስቴ ናም ቦንግሱን
ኤሰን፣ ጀርመን

አክስቴ፣ በዚያ በሩቅ አገር እንዴት ሰነበቱ? እዚህ የባሕሩ ነፋስ መቀዝቀዝ ጀምሯል። የዘንድሮው ብርድ ቀለል ይበልልዎ፤ ወገብዎን አይመምዎ፤ የሚበሉት ይስማማዎ። አባቴና እናቴ ከልብ የሆነ ሰላምታቸውን አቅርበዋል።

ለመከር በዓል የላኩልን ገንዘብና የወገብ ቅባቱ ደርሶናል። እናቴ ቅባቱን «ይሄ ለአባትሽ ትከሻ ብቻ ነው» ብላ ቆልፋበታለች። አባቴ አሁንም እንጨት ፋብሪካው ውስጥ ነው።

ባለፈው በስልክ «እናንተ እንግሊዝኛ ማስጠኛ ቤት የመጣችው ፈረንጅ ምን ያህል ይከፈላታል?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠብን። ዌንዲ ትባላለች። ከኒውዚላንድ ነው የመጣችው፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በር ስታልፍ ጎንበስ ትላለች። በወር አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ዎን ታገኛለች። ቤት ተከራይተውላታል፤ የአውሮፕላኑንም ከፍለውላታል። የእኔ ሰባት መቶ ሰማንያ ሺህ ነው። ጠዋት ከወላጆች ጋር በስልክ እጨቃጨቃለሁ፣ ከሰዓት አስተምራለሁ፣ ከዚያ ዌንዲ ያስተማረችው ያልገባቸውን ልጆች እንደ አዲስ አስረዳለሁ። ቧንቧዋ ሲደፈን ለአከራይዋ የምደውለውም እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «አንቺስ ስንት ነው የሚከፍሉሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። የያዘችው ሩዝ ከአፏ ሳይደርስ ቆመ።

«ከዚያ ላይ ኪራይ ትከፍያለሽ?»

«ከወላጆቼ ጋር ነኝ። የደሞዜን ፖስታ ለእናቴ እሰጣለሁ፤ የአውቶቡስና የምሳ እሷ ትሰጠኛለች።»

«ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው እኮ!»

«አንቺስ ለአባትሽ ምን ትልኪለታለሽ?»

«ፖስትካርድ» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እውነቷን ነው።

እቤት ሳወራው እናቴ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አሳድጎ ለዚህ ያበቃት አባት ፖስትካርድ ይብላ?» አባቴ «መንግሥት ጡረታ ይሰጠዋል አሉ» ቢላት «መንግሥት ነው እንዴ የወለዳት?» ብላ አፉን አስዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዌንዲ ሳነሳ «ያቺ ፖስትካርድ» ነው የምትላት።

ስለ ወንድምዎ ስለ አጎቴ ቻንግሱ ጠይቀውኛል። ደህና ነው መሰለኝ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ ለበዓሉ አልመጣም። አባቴ ራሱ ይጽፍልዎታል።

አክባሪዎ ሄራን


ኤሰን
ኦክቶበር 19፣ 1997

ልጄ ሄራን፣

እግዚአብሔር ካንቺና ከቤታችሁ አይራቅ። የአባትሽን እጅ ያበርታ፣ የእናትሽን ሳቅ አያጉድል፤ ለአንቺም ፊቱ የበራ ሰው ያምጣልሽ። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ ሁለቴ አነበብኩት። በፖስትካርዷ ሴትዮ ከመፍረድሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ አገር እኔ ነኝ ፈረንጇ። እንደመጣሁ እንደ እኔው ነርስ ከሆነች ጊዝላ ከምትባል ጀርመናዊት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንሠራ ነበር። ደሞዛችን እኩል ነው። እሷ በየዓመቱ ባሕር ዳር ሄዳ ቆዳዋን አጥቁራ ትመለሳለች፤ እኔ ድንች እየቀቀልኩ ለቻንግሱ የትምህርት ቤት እልካለሁ። አንድ ቀን «ወንድምሽ እጅ የለውም?» አለችኝ። ተቀይሜ ስንት ጊዜ አኮረፍኳት! ዛሬ ሳስበው ተንኮል አልነበረባትም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው።

አሁን ወደ ቻንግሱ ልምጣ። «ደህና ነው መሰለኝ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። መሰለኝ ምን ማለት ነው? አንድ ከተማ ውስጥ ነው ያላችሁት። በበጋው ሱቁን ላስፋ ብሎኝ ስምንት ሺህ ማርክ ልኬለታለሁ። በየወሩ የምልከውንም አላቋረጥኩም። ከጁላይ ወዲህ ደረሰኝ የሚል አንድ መስመር አልጻፈልኝም፤ ሱቅ ስደውል ስልኩ ይጮሃል እንጂ የሚያነሳው የለም። አባትሽም ይጽፋል ብለሽ ነበር፤ አልጻፈም። አባትሽ የእኔና የቻንግሱ የአጎት ልጅ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ደብዳቤ የሚያስቀር ሰው አልነበረም።

ወደቡ ጋ ወዳለው ሱቁ ሂጂና በዓይንሽ አይተሽ ጻፊልኝ። ለአባትሽ አትንገሪው፤ እኔ እንደጠየቅሁሽ ብቻ አድርጊው። ከዚህ ጋር ለአንቺ ትንሽ ማርክ በባንክ ልኬያለሁ፤ ለእናትሽ ሳትሰጪ ሙቅ ጫማ ግዢበት።

አክስትሽ ቦንግሱን


ጉንሳን
ኖቬምበር 30፣ 1997

የተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ልብዎ የጸና ይሁን። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

ጫማ አልገዛሁበትም፤ ይቅር ይበሉኝ። ወደ ሱቁም መሄድ አላስፈለገኝም፤ ከጁላይ ጀምሮ ተዘግቶ በሩ ላይ የፍርድ ቤት ወረቀት ተለጥፎበታል። አጎቴ ቻንግሱ በኦገስት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች፤ የት እንዳለ እሷም አታውቅም። እባክዎን በእሱ ስም ምንም አይላኩ። የባንክ ሂሳቡ ተይዟል፤ የሚልኩት ሁሉ በቀጥታ ለአበዳሪዎቹ ነው የሚገባው።

አባቴ እንዳልነግርዎ ከልክሎኝ ነበር። «በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ደንግጣ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?» ነው ያለኝ። አሁን ግን መደበቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ዋሱ አባቴ ነው። በጸደይ ወራት አጎቴ መጥቶ ባንክም፣ አንድ አራጣ አበዳሪ ዘንድም አስፈርሞታል። ቤታችን የተያዘው በዚያ ፊርማ ነው። እናቴ የሰማችው የአራጣ አበዳሪው ሰዎች በር ሲያንኳኩ ነው።

ሰዎቹ አይጮሁም፣ አክስቴ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ግራጫ መኪና በራችን ላይ አቁመው ውስጧ ይቀመጣሉ። አለቃቸው አፉ ላይ ስቴኪኒ የማይለየው ሰው ነው። እናቴ ለገበያ ስትወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ብርድ ነው እኮ፣ አንገትዎን ይሸፍኑ» ይላታል። አንድ ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ በእግሩ ተከትሎኝ መጣና «መምህርት ሄራን፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው? እንግሊዝኛ ጥሩ ሀብት ነው» አለኝ። የምሠራበትን አልነገርኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ አልቀመጥም።

የአገሩን ነገር እዚያም ሳይሰሙ አልቀሩም። መንግሥት ከውጭ ብድር ለመነ ተብሎ በቴሌቪዥን ሲነገር ሰፈሩ በሙሉ ጸጥ አለ። እኛ ማስጠኛ ቤት የኮሪያ መምህራን ደሞዝ ካገኘን ሁለት ወር አልፎናል። ለዌንዲ ግን በቀኑ ይከፈላታል፤ እሷ ከሄደች ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጣሉ ብሎ ዳይሬክተሩ ይፈራል። የሥራ ባልደረቦቼ በፊቷ ማኩረፍ ጀምረዋል። እሷም ባንክ ሄዳ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ያው አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ዎን ወደ አገሯ ገንዘብ ሲቀየር በጣም ቀንሶባታል። ለካስ ከባሏ ስትፋታ የወደቀባትን የቤት ዕዳ የምትከፍለው ከዚህ ነው። «አንቺ ቢያንስ የእናትሽን ምግብ ትበያለሽ» አለችኝ።

አንድ ምክር እፈልጋለሁ። ዳይሬክተሩ አቶ ፕዮ ጠርቶኝ «ለኢሚግሬሽን ምዝገባ ነው በያትና ፓስፖርቷን ተቀብለሽ አምጪልኝ፤ እኔ ጋ ይቆያል» አለኝ። ምዝገባ የሚባል ነገር የለም። እንዳታመልጠው ሊይዘው ነው። እምቢ ካልኩ ያልተከፈለኝም ይቀራል፣ ሥራውም ይቀራል። አሁን ቤታችን የሚበላው በእኔ ተስፋ ነው፤ የአባቴ ፋብሪካ በዚህ ሳምንት ማሽኖቹን አቁሟል። ምን ላድርግ?

ሄራን


ኤሰን
ዲሴምበር 14፣ 1997

ሄራን፣

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ከዚህ በላይ መመረቅ ዛሬ አልሆነልኝም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ እቤታችሁ ደወልኩ። የማላውቀው ወንድ አነሳው። «አቤት፣ ማን ልበል?» አለኝ፤ በጣም ጨዋ ድምፅ ነው። አባትሽን ፈልጌ ነው አልኩት። «ውሃ ሊቀዱ ወጥተዋል። ከየት ነው የሚደውሉት? ድምፅዎ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ውጭ አገር ነዎት? የቻንግሱ እህት ነዎት?» ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ሲጮህ ቆሜ አየዋለሁ። እዚህ ድረስ ምን ሊያደርገኝ ነው እላለሁ፤ ግን አላነሳውም።

አንድ ነገር ብቻ በቀጥታ መልሺልኝ። ወንድሜ በሕይወት አለ? የሰማሽው ነገር ካለ አትሸፍኚው። እዚህ የኮሪያ ጋዜጣ ይመጣል። ሰዎች ዕዳ ሲበዛባቸው ምን እንደሚያደርጉ አነባለሁ።

ስለ ፈረንጇ ጠየቅሽኝ። ልጄ፣ ዳይሬክተርሽ ያለሽን አድርጊ። እሷ አገር አላት፤ ኤምባሲ አላት፤ አባቷን መንግሥት ያበላዋል። አንቺ ከዚያ ሥራ ብትወጪ እናትሽን ማን ያበላታል? እኔ ለጊዜው ብዙ መላክ አልችልም። ለምን እንደማልችል አትጠይቂኝ።

ቦንግሱን


ኤሰን
ጃንዋሪ 18፣ 1998

ሄራን፣

ዓመቱ የሰላም ይሁንላችሁ። አልመለስሽልኝም። ፖስታ ቤቱን ሄጄ ጠየቅሁ፤ መዘግየት የለም አሉኝ። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪ፣ ግን ጻፊ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን ልየው።

አክስትሽ


ጉንሳን
ፌብሯሪ 8፣ 1998

የተከበሩ አክስቴ፣

በረዶው እንዳያዳልጥዎ፣ ቤትዎ የሞቀ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልተቆጣሁም። የምጽፈው ነገር አሳፍሮኝ ነው።

በመጀመሪያ የአጎቴ ነገር። ሞተ የሚል ወሬ አልደረሰንም። አለ የሚልም አልደረሰንም። አባቴን ግን ፖሊስ ጣቢያ «አስከሬን ተገኝቷል» ብለው ጠርተውት ነበር። ሲመለስ ደጅ ላይ ጫማውን ማውለቅ አቅቶት ቆሞ ነበር። «ሌላ ሰው ነው» አለን። ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ምክርዎን ተቀበልኩ፤ የዌንዲን ፓስፖርት ተቀብዬ ለአቶ ፕዮ ሰጠሁት። አላመነታችም። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብላ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

በጃንዋሪ አጋማሽ ላይ የመምህራን ክፍል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አባቷ ወድቆ ግማሽ አካሉ አልንቀሳቀስ ብሏል። እህቷ ደውላ «ቶሎ ነይ» ብላታለች። «ፓስፖርቴ መቼ ነው የሚመለሰው?» አለችኝ። አፌ ራሱ «በሚቀጥለው ሳምንት» አለ። «ሄራን፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ላይቆይልኝ ይችላል» አለችኝ። የእኔ አባት ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የመጣው በዚያው ሰሞን ነበር።

በማግስቱ አቶ ፕዮ ቢሮ ገባሁ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ እየተማሩ ነው። «ፓስፖርቷን ይስጡኝ» አልኩት።

«ተቀመጪ፣ መምህርት ሄራን።»

«አልቀመጥም። አባቷ እየሞተ ነው።»

«እኔስ እየሞትኩ አይደለም? እሷ የሄደች ዕለት ግማሹ ልጅ ይወጣል። ያንቺ የሦስት ወር ደሞዝ ከየት ሊመጣ ነው? አልከፍልሽም አልኩሽ?»

«ደሞዜ ይቅር።» ይህን ስል፣ አክስቴ፣ የእናቴ ባዶ የሩዝ ከረጢት ነው በዓይኔ የመጣው። ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። አቶ ፕዮ ጆሮውን ቀሰረ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። መሳቢያውን ከፍቶ ፓስፖርቱን እጄ ላይ ወርውሮ በጓዳው በኩል ባለው የብረት መሰላል ወረደ። ኮቱን እንኳ አልያዘም።

የገቡት ሰዎች አራት ናቸው። የፊተኛው ስቴኪኒ አፉ ላይ ነው።

«እንዴ፣ መምህርት ሄራን! እዚህም ተገናኘን?»

ለካስ አቶ ፕዮም ከዚያው አራጣ አበዳሪ ነው የተበደረው። አንደኛው ሰው የደረጃውን በር ዘጋና ተደግፎት ቆመ። ስቴኪኒው ሰው ከአቶ ፕዮ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስተካከለ። «እኛ ማንንም አናስቸግርም። ዳይሬክተሩ እስኪመለሱ ድረስ ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው ይፈርምልን፤ ያን ጊዜ እንሄዳለን። ልጆቹም በሰላም እቤታቸው ይገባሉ።» እስክሪብቶውን እጄ ውስጥ አስገባው። አባቴን ሲያስፈርመውም እንዲህ ለስላሳ የነበረ ይመስለኛል። ከግድግዳው ማዶ ልጆቹ ይዘምራሉ። ልፈርም ነበር፣ አክስቴ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ስሜን መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ልጆቹን ታስዘምር የነበረችው ዌንዲ የቢሮውን በር ከፍታ አንገቷን አስገባች። «ምንድን ነው የምትፈርሚው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ካልፈረምኩ ልጆቹን አናስወጣም እያሉ ነው።»

ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እንደፈራች ከአንገቷ ላይ አየሁ፤ ቀይ ሽፍታ የመሰለ ነገር አንገቷ ላይ ይወጣባታል ስትፈራ። መጥታ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ወደ ክፍል ተመልሳ እጇን አጨበጨበች። «ኮት! ቦርሳ! ሰልፍ!» ልጆቹ የሚያውቋት እንዲህ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሰለፉ። እሷ ከፊት ሆና ጮክ ብላ እየዘመረች ወደ ደረጃው በር ቀጥ ብላ ሄደች። በሩን የተደገፈው ጎረምሳ ወደ አለቃው አየ። አለቃው ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣ። ታች ወላጆች ቆመው ይጠብቃሉ፤ የልጆቹ ድምፅ ደግሞ መንገድ ድረስ ይሰማል። ጎረምሳው ገለል አለ። እኔ የመጨረሻዋን ልጅ እጅ ይዤ ወጣሁ። ወደ ኋላ አላየሁም።

መንገድ ላይ ፓስፖርቷን ሰጠኋት። «ኢሚግሬሽን አልነበረም» አልኳት።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ፓስፖርቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። እህቷ ትኬት ልካላታለች። እናቴ ይህን ስትሰማ «ለካስ እነሱም ዘመድ አላቸው!» አለች። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ካልመጣሁ አለችኝ፤ የተጠበሰ የባሕር ቅጠል በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። «ለአባቷ ነው በያት። በሩዝ ይብላው። ፖስትካርድ አይበላም።» የመጨረሻውን እንድተረጉም ፈልጋ ክንዴን ጎሸመችኝ። ተረጎምኩት። ዌንዲ ሳቀች፤ ከዚያ ከሳቋ መሃል አለቀሰች። አውቶቡሱ ላይ ከመውጣቷ በፊት «የጃንዋሪ ደሞዝ ለእኔም አልከፈሉኝም» አለችኝ። «እንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ እኩል ተከፈለን።»

ማስጠኛ ቤቱ ተዘግቷል። ቤታችን ለጨረታ ሊወጣ ነው። ሬዲዮ ሰው ሁሉ ለአገር ወርቅ እያዋጣ ነው ይላል፤ እናቴ ቀለበቷን የሸጠችው ባለፈው ለሩዝ ነው። ሰፈር ውስጥ ሦስት ልጆች እቤታቸው እየሄድኩ ማስጠናት ጀምሬያለሁ። ስሄድ መንገድ እቀያይራለሁ።

እርስዎስ? «ለምን እንደማልችል አትጠይቂኝ» ብለውኝ ነበር። እየጠየቅሁዎ ነው።

ሄራን


ኤሰን
ማርች 8፣ 1998

ልጄ፣

እጆችሽ ይባረኩ። ያልኩሽን ስላልሰማሽኝ ይባረኩ። ስፈራ ክፉ ምክር እመክራለሁ፤ እወቂብኝ።

ጠይቀሽኛልና ልመልስልሽ። ባለፈው ጸደይ አንድ በሽተኛ ሳነሳ ወገቤ ተሰበረ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ሥራ አልገባሁም። የደሞዜ ጥቂት እጅ ነው የሚሰጡኝ፤ ለእናንተ እልክ የነበረው ካጠራቀምኩት ነው። ለቻንግሱ የላክሁት ስምንት ሺህም ለእርጅናዬ ያስቀመጥኩት ነበር። እናንተ እንዳትሰጉ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ይዤ ሄድኩ ያልኩሽም ለዚያው ነው። አባትሽም እኔ እንዳልሰጋ ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ሆነን ነው የከረምነው።

አሁን ዋናውን ስሚ። ቻንግሱ አለ። ባለፈው ሰኞ ደወለ። ስልኩ ሲጮህ ያ ሰውዬ መስሎኝ አላነሳሁም፤ ደጋግሞ ሲጮህብኝ አነሳሁት። «ታላቄ» አለኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምሥራቅ ጠረፍ፣ ሶክቾ ወደብ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ዓሣ ያራግፋል። «ለማንም አትንገሪ» አለኝ። ከዚያ ገንዘብ ጠየቀኝ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር። «የለኝም» አልኩት። አላመነኝም። «እውነት የለኝም፤ ወገቤ ተሰብሮ ተኝቻለሁ» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ባሕሩ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «እኔ ነኝ የጨረስኩሽ» ብሎ ዘጋው።

አነጋገሩ አስፈርቶኛል፣ ሄራን። ብደውልላችሁ ያ ሰውዬ እንዳያነሳው ብዬ ነው የጻፍኩት። እንደ ትእዛዝ ቁጠሪውና ለአባትሽ ንገሪው። አባትሽ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። ሊገድለው ይችላል፤ ቢመታው አልፈርድበትም። ግን እዚያ ውሃ ዳር ብቻውን ከሚቀር ሰው ይድረስለት። ሰዎቹ ቀድመው እንዳያገኙት። ቶሎ!

ቦንግሱን


ጉንሳን
ማርች 29፣ 1998

የተከበሩ አክስቴ፣

ወገብዎን እግዚአብሔር ያድንልዎ። እንቅልፍዎ ይመለስ። በሕይወት አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልዎ።

ደብዳቤዎን ለአባቴ አነበብኩለት። የበዓል ኮቱን ለበሰ። እናቴ በር ላይ እጁን ይዛ «አንተ ሰውዬ፣ እንዳትነካው! እኛ ቤት እስር ቤት የሚመላለስ ሰው አልፈልግም!» አለችው። አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ልሰደው ፈርቼ ነው። ሴኡል ላይ አውቶቡስ ቀየርን። መንገዱን ሙሉ መስኮቱን እያየ መንጋጋውን ያንቀሳቅስ ነበር። ግራጫ መኪና ባየሁ ቁጥር ከወንበሬ ዝቅ እል ነበር።

ወደቡ ስንደርስ ጠዋት ነው። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ወንዶች ተሰልፈው የዓሣ ሣጥን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። አባቴ ነው ቀድሞ ያየው። አጎቴ ከስቷል፤ የሰው ኮት ለብሶ አንገቱ ብቻውን የወጣ ይመስላል። ቀና ሲል አየን። የያዘውን ሣጥን ለቀቀው፤ ዓሣው መሬት ላይ ተበተነ። ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከኋላው ግን ውሃው ነው። ጠርዙ ላይ ቆመ። አክስቴ፣ ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ሰዎቹ በሩን የዘጉ ዕለት እንኳ አልፈራሁም። አባቴ ቢጠጋው ይወድቃል፤ ባይጠጋውም ይወድቃል።

አባቴ ወደ እሱ አልሄደም። ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። እጅጌውን ሰበሰበና ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ዓሣ ወደ ሣጥኑ መልቀም ጀመረ። ኃላፊው «ሰውዬ፣ አንተ ደግሞ ማነህ?» ብሎ ጮኸበት። «ሠራተኛ ነኝ» አለው አባቴ። ሣጥኑን አንስቶ አጎቴ የጎደለበት የሰልፉ ቦታ ላይ ገብቶ ቆመ። አጎቴ ከጠርዙ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ጀልባው እስኪያልቅ አብረው አራገፉ።

ኃላፊው ከፈላቸው። አጎቴ የራሱን ክፍያ በሁለት እጁ ይዞ ለአባቴ ዘረጋለት፤ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። አባቴ ተቀበለው። ገመሰና ግማሹን መልሶ ኪሱ ከተተለት። «ምሳ አልበላህም» አለው። እዚያ ሜዳ ላይ አጎቴ እንደ ሕፃን ጮኸ። አባቴ አልዳሰሰውም፣ አላባበለውም፤ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው።

አባቴ ቁጣው አልበረደለትም። ምሳ ላይ የሚለውን ሁሉ ብሎታል፤ ጎረቤት ያሉ በላተኞች ማንኪያቸውን አስቀምጠው እስኪሰሙ ድረስ። ሰዎቹም አንድ ቀን ሶክቾን ያገኙት ይሆናል። ቤታችንም በሚመጣው ወር ይወሰዳል፤ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። እርስዎ እስኪድኑ ድረስ ግን ምንም አይላኩልን። የሦስቱ ልጆች እናቶች ሁለት ሌሎች አምጥተውልኛል። ዌንዲ ታገኝ ከነበረው ሩቡን አያክልም፤ ለሩዝ ይበቃል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለእርስዎም የወገብ ቅባት የሚገዛ ያህል እልካለሁ። እምቢ እንዳይሉኝ።

ማምሻውን ወደ ጉንሳን የሚመለሰው አውቶቡስ ጋ ሸኙኝ። አንድ ትኬት ብቻ ነው የተቆረጠው።

«አባዬ፣ አንተስ?»

«ለእናትሽ ሥራ አገኘ በያት» አለኝ።

«ከማን ጋር ነው የሚያድረው ብትለኝስ?»

ወደ አጎቴ ዞሮ አየው፤ ከዚያ እኔን።

«ከወንድሙ ጋር በያት።»

አክባሪዎ
ሄራን